የዱባው ሻኛ

ኢዮስያስ በሰኔ የተከለው ዱባ በመስከረም ጎረቤት ቤት ገብቶ ተገኘ።

መጀመሪያ ያየችው ሚስቱ ሶሊያና ናት። ክረምቱን ሙሉ በረንዳቸው በቅጠል ተሸፍኖ ስለከረመ ከሥሩ ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዝናቡ ቆም ብሎ የመስከረም ፀሐይ ብቅ ስትል ሶሊያና ቢጫ ቢጫውን ቅጠል ልትለቅም ወጣች። ወዲያው ጩኸቷ ደረጃውን ወርዶ ምድር ቤት ድረስ ተሰማ።

«ኢዮስያስ! ና ቶሎ! ዱባህ ኮብልሎልሃል!»

ኢዮስያስ ከነፒጃማው ሮጠ። ሰባዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው፤ ለዱባ ሲሆን ግን ይሮጣል። ደርሶ ሲያይ እውነትም ሐረጉ ከሳጥኑ ተነሥቶ፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ ይዞ፣ በሁለቱ በረንዳዎች መካከል ያለውን ክፍተት ተሻግሮ፣ የጎረቤቱን የማክቤልን የበረንዳ ብረት እቅፍ አድርጎታል። ዱባው እዚያ ማዶ ነው። ያውም ምን የመሰለ ዱባ! ግራጫ፣ ሸንተረሩ የጎላ፣ ብቻውን ሰው የማያነሣው ዱባ፣ ማክቤል ፀሐይ የሚሞቅባት ወንበር ላይ እንደ ሽማግሌ ጉብ ብሏል። አንገቱ ጋ ደግሞ ትልቅ እብጠት አለችው።

«ሰው ጠፍቶ ነው?» አለ ኢዮስያስ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ። «ከዚህ ሁሉ ሰው፣ እዚህ ሰውዬ ጋ?»

«አንተ ስታኮርፍ ዱባህ ታረቀው» አለች ሶሊያና፣ ሳቋን ለመዋጥ እየታገለች። ብዙም አልታገለች፤ ለቀቀችው።

ነገሩ የሚያስቅ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ግን ያን ጊዜ የነበረው ሥርዓት ይታወቃል። ጤፉና ጥራጥሬው ከቀበሌ ጎተራ ይመጣል፤ የቀረውን ቤት ራሱ ያበቅላል፣ በየወቅቱ። ቤቱ ያላበቀለውን ምድጃ አያበስልም። የጎረቤት ጎመን ድስት ውስጥ ከገባ ምድጃው ዝም ይላል፤ ያለ ወሩ የመጣ ቲማቲም ከገባም ዝም ይላል። ይህን ሁሉ የምትከታተለው ማጀት ናት። ማጀት በየቤቱ ግድግዳ ውስጥ ያለች ድምፅ ናት። ጨዋ ናት፣ ሰው ታከብራለች፣ አንድም ቀን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። እምቢ ካለች ግን እምቢ ነው።

በአንድ ቀን የመጣ ነገር እንዳይመስል። በአንድ ቀን ቢመጣማ ኢዮስያስ ጦር ይማዘዝ ነበር። ቀስ እያለ ነው የመጣው። መጀመሪያ ማጀት «ጋሼ፣ ሥጋውን ለእሑድ ብናቆየው ምን ይመስልዎታል?» አለችው። ምን ይመስለዋል? እሑድ ቅርብ ነው፤ እሺ አለ። ከረምረም ብላ «ለበዓል በዓል ብናደርገውስ?» አለች። በዓሉ መች አነሰ ብሎ እሺ አለ። ከዚያ እንቁላሉ ሄደ። ወተቱ ሄደ። ቅቤውን ሶሊያና አልቅሳ ሸኘችው። ምድር ቤት ያለው ሉካንዳ ችግኝ ቤት ሆነ፤ ሥጋ ቆራጩ ያንኑ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ የሰላጣ ችግኝ ይሸጣል፤ ገዢ ሲመጣ ግን አሁንም «ስንት ኪሎ?» ነው የሚለው።

በመጨረሻ ማጀት የቀይ ሽንኩርትን ነገር አነሣች።

«ቀይ ሽንኩርት በዚህ ወር አልደረሰም፣ ጋሼ። ባሮ ሽንኩርቱ ግን በረንዳው ላይ ደርሷል።»

«ወጥ ያለ ቀይ ሽንኩርት?» አለ ኢዮስያስ። «አንቺ፣ ጤናሽ ነው?»

«ደህና ነኝ ጋሼ፤ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ።»

ኢዮስያስ ያን ዕለት አኩርፎ ዋለ። ማምሻውን የሶሊያና ቦሎቄ በባሮ ሽንኩርት ቁሌት ሸተተውና ኩርፊያውን ሳይጨርስ ቀረበ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ራሱም አይረዳውም፤ ሰውዬው ተለከፈ። የመጀመሪያዋ ቲማቲም ስትቀላ በመዳፉ ይዟት ደረጃ ለደረጃ እየዞረ ለብሎኩ ሰው አሳየ። ማቅመስ አይቻልም፤ ማሳየት አልተከለከለም። ሰዉም የየራሱን ይዞ ይወጣል፤ አንዱ ካሮት፣ አንዱ ቃሪያ፤ ተያይተው፣ ተመራርቀው፣ ምራቃቸውን ውጠው ይለያያሉ። የቆስጣ እሸት የሰማይ ስጦታ መሰለው። በቆሎው ሲያጎነቁል ዘፈነ። ከእንቅልፉ ሲነቃ መጀመሪያ የሚያስበው በረንዳውን ሆነ።

ጾሙ ብቻ ነው ሶሊያናን ግራ ያጋባት። ዓመቱን ሙሉ የጾም እየተበላ ጾሙ ምኑ ላይ ነው? አሰበች፣ አሰበችና መላ አገኘች፤ ጾም ሲገባ የምትወደውን ቲማቲም ትተዋለች። በፋሲካ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የመጀመሪያዋን ቲማቲም ስትገምጥ ዓይኗን ጨፍና ነው፤ ጭማቂው በአገጯ ሲወርድ ኢዮስያስ ፎጣ ይዞ አጠገቧ ይቆማል።

እንግዲህ ሁሉም ነገር ተለምዷል። አንድ ነገር ብቻ አልተለመደም፤ እሱም ማክቤል ነው።

ማክቤልና ኢዮስያስ በረንዳ ለበረንዳ ብቻ አልነበሩም፤ ልጅ ሆነው አንድ ሰፈር አብረው አፈር ፈጭተዋል። ያን ዱባው የተሻገረበትን የልብስ ገመድ፣ ከኢዮስያስ በረንዳ ጫፍ እስከ ማክቤል በረንዳ ጫፍ፣ ኮንዶሚኒየሙ የገቡ ሰሞን አብረው ነው የዘረጉት። የማክቤል ባለቤት ስታርፍ ኢዮስያስ ድንኳን ውስጥ አብሮት አድሯል። እንዲህ የነበሩ ሰዎች አሁን ደረጃ ላይ ሲገናኙ አንዱ ግድግዳ ያያል፣ አንዱ ጫማውን ያያል።

ያጣላቸው በሬ ነው። በሥጋው ዘመን የብሎኩ ሰው ለቅርጫ በሬ ሲጥል ኢዮስያስ ካልመደበ አይሆንም ይባል ነበር። ሚዛን አይነካም፤ ሚዛኑ ዓይኑ ነው። ከሽንጡም፣ ከዳቢቱም፣ ከጎድኑም ለሁሉም መደብ ያዳርሳል። ሲያበቃ ሰው የየራሱን ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ አዝራር፣ አንዱ ቅጠል። የማን ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይጠራና ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ይጥላል። የወደቀልህን አንሥተህ ቤትህ ነው።

የመጨረሻው በሬ የታረደው ለመስቀል ነበር፤ ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ኮሳሳ በሬ ነበር። ሻኛዋ የሕፃን ጡጫ ብታክል ነው። ኢዮስያስ ሻኛዋን አየት አደረገና፣ ይህችን ለዚህ ሁሉ ሰው ብበጣጥሳት ለማንም አትሆንም ብሎ ሙሉዋን አንድ መደብ ላይ አስቀመጠ፤ ለሌሎቹ ከሽንጡ ጨመረ። ዕጣ ተጣለ። ሻኛዋ ያለችበት መደብ ላይ የወደቀው የኢዮስያስ አዝራር ሆነ።

«ዓይንህ ሻኛዋን ተከትሎ ሄዷል» አለ ማክቤል፣ በሰው ሁሉ ፊት።

ቀልዱን ይሁን የምሩን እስከ ዛሬ አልታወቀም። ኢዮስያስ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። «እኩል አይደለም ነው የምትለው?» አለ። «እኩል ነው በላ!» ማክቤል መደቡን አንሥቶ ሄደ። ሰዉም ሄደ፣ እየተንሾካሾከ።

ድሮ ቢሆን ይህ ኩርፊያ ገናን አይሻገርም ነበር። የሚቀጥለው በሬ ሲታረድ ኢዮስያስ እንደገና ይመድባል፣ ዕጣው ለማክቤል ይቀናዋል፣ ይስቃሉ፣ ያልቃል። ግን የሚቀጥል በሬ አልነበረም። በዚያው ሰሞን ማጀት በትሕትና የበዓሉንም ሥጋ አስቀረችው፤ ነገሩም በዚያው ተዳፈነ። ኢዮስያስ «ዓይኑ ሻኛ የሚከተል» የሚል ስም ታቅፎ ቀረ። ደግሞ እሱም በማክቤል ላይ የቋጠረው አንድ ቂም ነበረው፤ ለሶሊያና እንኳ ትንፍሽ አላለም።

ገመዱን ግን አንዳቸውም አልቆረጡትም። የቆረጠ መጀመሪያ ተናገረ ማለት ነው። ስለዚህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንዱ ጫፍ የሶሊያና አንሶላ፣ በአንዱ ጫፍ የማክቤል ሱሪ አንድ ላይ ሲወዛወዙ ኖሩ። ሻምበል የሚባለው የማክቤል ድመት ብቻ ነው በሁለቱም በረንዳ እንደልቡ የሚመላለሰው። ሻምበል አርጅቷል። የመጨረሻው በሬ ሰሞን ሆዱን መሬት ለመሬት እየጎተተ ይንጎማለል ነበር፤ አሁን የተቀቀለ ሽምብራ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል።

አሁን ደግሞ ማክቤል ሊሄድ ነው። ልጁ አርባ ምንጭ ናት፤ ብቻህን አትኖርም ብላው መስቀል ሲያልፍ ልትወስደው ነው። ይህን የሰማችው ሶሊያና ናት፤ ለባሏ ስትነግረው «ይሂዳ» አለ። ከዚያ በረንዳ ወጥቶ አንዲት የቃሪያ ተክል ሦስት ጊዜ ውኃ አጠጣ።

ዱባው የተገኘ ዕለት ኢዮስያስ ወደ ማጀት ገባና ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ማጀት፤ እንዲያው አንድ ዱባ ቢኖር...»

«አይቼዋለሁ ጋሼ። ሥሩ የእኛ ነው። ፍሬው ግን በሌላ ቤት ነው የበሰለው። አዝናለሁ።»

ወዲያው ከግድግዳው ማዶ ያችው ድምፅ፣ በዚያው ትሕትና፣ ለሌላ ሰው ስታወራ ተሰማ። «ፍሬው እዚህ ነው የበሰለው፣ ጋሼ። ሥሩ ግን የእኛ አይደለም። አዝናለሁ።»

ማክቤልም ጠይቋል ማለት ነው! ኢዮስያስ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ቆመ። ሶሊያና ድስቷን ይዛ አየችውና ራሷን ነቀነቀች።

በማግስቱ ከወረዳው የወቅት ባለሙያ መጣች፤ ትርንጎ ትባላለች። እነኢዮስያስ ወጣት ሳሉ ትርንጎ የአያት ስም ነበር። አሁን ኢዮስያስና ማክቤል የሽማግሌ ስም ሆነው፣ ልጃገረዶቹ ትርንጎና ዘለቃሽ ተብለዋል። ትርንጎ ከማክቤል በረንዳ ቆማ ዱባውን ዞረችው፣ መታ መታ አደረገችው፣ አጎንብሳ አዳመጠችው።

«ይሄ የጋራ ፍሬ ነው» አለች፣ ሁለቱም እንዲሰሟት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «የጋራ ፍሬ ለሁለቱ ቤት እኩል ይከፈላል። ከተከፈለ በኋላ ማጀት ትጠይቃችኋለች፤ ሁለታችሁም በአንደበታችሁ ‹እኩል ነው› ትላላችሁ። ያኔ ምድጃችሁ ይበራል።»

«ካላልንስ?» አለ ማክቤል።

«የደመራ ዕለት እስከ ቀትር ካላላችሁ ለኮምፖስት ይሄዳል።»

«ይሄ ዱባ? ለኮምፖስት?» ብለው ከሁለቱ በረንዳ እኩል ጮኹ። ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ አብረው የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል ነው። ሁለቱም ደነገጡ።

ኢዮስያስ ዱባውን አይደለም ያሰበው፤ ማለትም ዱባውንም አስቧል፤ ግን ከዱባው በፊት የመጣበት ያ ቃል ነው። እኩል ነው። ማክቤል ዘጠኝ ዓመት ያልወጣለትን ቃል አሁን ለዱባ ብሎ ይለዋል? ካላለውና አርባ ምንጭ ከሄደ አበቃ፤ ስሙም እንደተበላሸ፣ ጓደኛውም እንዳኮረፈ ይቀራል።

«የምከፍለው እኔ ነኝ» አለች ትርንጎ። «መሣሪያ አለኝ፤ ፀጉር አያዛባም።»

ማክቤል ዱባውን በመዳፉ ደባበሰው። ቀና ብሎ አላየም። «በመሣሪያ የተቆረጠ ነገር አልበላም» አለ። «እዚህ ብሎክ ላይ መዳቢ አልነበረም እንዴ?»

ስሙን አልጠራም። አልጠራም ግን ሌላ መዳቢ የለም። ኢዮስያስ ወደ ቤት ገባና አልጋው ላይ ቁጭ አለ፤ ተነሣ፤ ቁጭ አለ። ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ቢላውን አወረደ። ዘጠኝ ዓመት በጨርቅ ተጠቅልሎ የተኛ ቢላ ነው፤ ቆስጣ ተቆርጦበት አያውቅም። ሲስለው ዋለ፤ እያፏጨ ሳለው።

«ዱባ ነው እኮ» አለች ሶሊያና። «በሬ ልትጥል ነው እንዴ?»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ» አለ፤ ሊቆጣት ፈልጎ ነበር፤ ፊቱ ግን እምቢ ብሎ ፈገግ አለ።

የደመራ ዕለት ጠዋት የብሎኩ ሰው ሁሉ ደረጃው ላይ ተኮለኮለ። መብላት እንደማይችሉ ያውቃሉ፤ ግን ቅርጫ ነው፣ ማን ይቀራል? ሥጋ ቆራጩ ነጭ ጋዋኑን አጥቦ መጣ። አንዷ አዛውንት ከላይኛው ፎቅ ወንበሯን አሸክማ ወረደች። በሁለቱ በሮች መካከል ሰፊ ኮባ ተነጠፈ፤ ዱባው በሁለት ሰው ተይዞ መጣና መሐል ላይ ተቀመጠ። ሁለቱም በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሁለቱም ማጀቶች ያዳምጣሉ።

ኢዮስያስ ተላጭቷል። ሸሚዙን እስከ ክንዱ ሰብስቧል። ቢላውን አሳረፈና ዱባውን ለሁለት ሲፈነክተው ያ ብርቱካንማ ሆድ ፍንትው አለ፤ ሰዉ «እሰይ!» አለ። ከዚያ ሥራው ተጀመረ። በሁለት ቆርጦ መሄድ ይችል ነበር፤ ግን ምኑን ቅርጫ ሆነ?

«ይሄ ሽንጡ ነው» አለ፣ ጎን ጎኑን እያነሣ። «ለዚህም፣ ለዚያም። ይሄ ዳቢቱ፤ ለዚህም፣ ለዚያም። ጎድኑ ይኸው።»

«ጨጓራውስ?» ብሎ ሥጋ ቆራጩ ጮኸ።

«ጨጓራው ይኸውልህ!» ኢዮስያስ ፍሬ ያለበትን ርጥብ የሆዱን ክር በሁለት እጁ ዘግኖ አካፈለ። ደረጃው በሳቅ ተናጋ። ለሥጋው ዘመን ያልደረሱት ልጆች እንኳ ሳቁ፤ ለምን እንደሚሳቅ ባያውቁም። ኢዮስያስ ላቡ ይወርዳል፣ እጁ ይፈጥናል፣ ዓይኑ ከመደብ መደብ ይዘላል፤ ሠላሳ ዓመት የቀነሰ መሰለ።

በመጨረሻ እብጠቷ ቀረች። ያቺ አንገቱ ጋ የነበረችው። ኢዮስያስ ቆርጦ አነሣት፤ ክብ ናት፣ ድፍን ናት፣ ወፈር ያለች ናት። ሁሉም ምን እንደሆነች አውቋል።

«ሻኛ» አለች አዛውንቷ፣ ለራሷ።

ኢዮስያስ ቢላውን እላይዋ ላይ አደረገ። አነሣው። ደግሞ አደረገው።

«ክፈላት አንተ ሰውዬ!» አለች ሶሊያና። «ለሁለት ሰው ነው፣ አንዴ ብቻ አሳርፍባት!»

«አሁን ከከፈልኳት ያኔም መክፈል ነበረብኝ ማለት ነው» አለ ኢዮስያስ። «ያኔ አላጠፋሁም። አሁንም አልከፍላትም።» ሙሉዋን አንዱ መደብ ላይ አስቀመጣት፤ ሌላው መደብ ላይ ከሽንጡ ጨመረ፤ አየ፤ ትንሽ ቀነሰ፤ አየ፤ ቢላውን ጠረገ። «ጨርሻለሁ።»

«ኧረ በስመ አብ!» አለ ሰዉ። ሶሊያና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ማክቤል በሩ ላይ ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ጺሙን ብቻ አሻሸ።

ትርንጎ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንድታዞር ተደረገች። ኢዮስያስ ከሸሚዙ አንድ አዝራር በጥሶ ሰጠ። ማክቤል የቤቱን ቁልፍ አወጣ፤ ከመስቀል በኋላ የማያስፈልገውን ቁልፍ። ሁለቱም ምልክቶች የሶሊያና ነጠላ ጫፍ ውስጥ ገቡ። ከዚያ ትርንጎን ጠሯት፤ እጇን ሰደደች፣ ምልክቶቹን አወጣች፣ አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ ጣለች።

ቁልፉ ሽንጥ የተጨመረበት ላይ ወደቀ። አዝራሩ ሻኛዋ ላይ ወደቀ፤ ነጥሮ እንኳ አልወረደም፣ አናቷ ላይ ቁጭ አለ።

አንድ ሰው ሳቁን ሲውጥ ትን አለው። ኢዮስያስ የሚገባበት ጠፋው፤ ጆሮው ጋለ፤ አዝራሩን ብውጠው ይሻላል ብሎ አሰበ።

«ክፍፍሉ እኩል ነው?» አሉ ሁለቱ ማጀቶች ከሁለቱ በር፣ በአንድ ድምፅ፣ በትሕትና።

«እኩል ነው» አለ ኢዮስያስ። ድምፁ የወጣው እንደ ልጅ ድምፅ ቀጥኖ ነው።

«አመሰግናለሁ። ጋሽ ማክቤል?»

ማክቤል ከበሩ ተላቀቀ። ቀስ ብሎ መጣና ቁጢጥ አለ። የራሱን መደብ በእጁ መዘነ፤ የኢዮስያስን መዘነ። ሻኛዋን አነሣት፣ አገላበጣት፣ አሸተታት። ሻምበል መጥቶ አብሮት አሸተተና ፊቱን አዞረ። ከዚያ የማክቤል ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኢዮስያስ ሰውዬው አለቀሰ ብሎ ደነገጠ። ማክቤል ግን ቀና ሲል እየሳቀ ነበር፤ አፉን ከፍቶ፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ እንባው እየወረደ።

«ልጄ ትርንጎ» አለ፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ። «ይሄን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?»

«ለዱባው የመጣሁ ዕለት ነው ያየኋቸው።»

«አዝራሩ የሱ መሆኑን ታውቂ ነበር?»

«እናቴ ትሙት አላውቅም!»

«ዓይኑ አይደለም ለካ!» ብሎ ማክቤል ጉልበቱን መታ። «ዕድሉ ነው! ሰዎች፣ ይሄ ሰውዬ ሻኛ የተጻፈለት ነው እንጂ ሌላ ምንም የለውም! እኩል ነው! ማጀት፣ ሰምተሻል? የዛሬውም እኩል ነው፣ የዚያን ጊዜውም እኩል ነው!»

«የዚያን ጊዜ የሚባል ክፍፍል አላገኘሁም፣ ጋሼ» አለች ማጀት።

«አንቺ አታገኚውም። እኛ አለን።»

ምድጃዎቹ ከሁለቱም ቤት ጧ ብለው በሩ። ሰዉ እልል አለ። ኢዮስያስ አጎንብሶ ቢላውን እንደገና ጠረገ፤ የተጠረገውን ቢላ። ሶሊያና ነጠላዋን ከፊቷ አንሥታ አፍንጫዋን ጠረገችበት።

ማምሻውን ደመራው ታች ሜዳው ላይ ሲበራ ሁለቱ ሽማግሌዎች በየበረንዳቸው ወጡ። ኢዮስያስ የሻኛዋን ወጥ በሳሕን ይዟል፤ ሶሊያና በባሮ ሽንኩርትና በራሷ በርበሬ ቁጭ አድርጋዋለች። በረንዳው ጫፍ ድረስ ሄደና በእንጀራ ጠቅለል አድርጎ እጁን በክፍተቱ ላይ ዘረጋ። ማክቤል ከዚያ በኩል አንገቱን አስግጎ አፉን ከፈተ።

«ጋሼ» አለች ማጀት ከውስጥ። «የእኛ ምግብ ወደ ሌላ ቤት እየሄደ ነው።»

«ጉርሻ ነው።»

ማጀት ያላትን ደንብ ሁሉ ፈተሸች። «ስለ ጉርሻ የተባለ ነገር የለኝም» አለች በመጨረሻ።

«እንግዲያው ዝም በያ!» ብሎ ኢዮስያስ ሁለተኛውን ጠቀለለ። በዕድሜው እንዲህ ተደስቶ የሚያውቅ አልመሰለውም።

ማክቤል እያላመጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ። «አቤት» አለ። «አቤት ሻኛ። የበሬዋስ እንዲህ ነበር የጣፈጠችህ?»

የኢዮስያስ እጅ አየር ላይ ቀረ። «የበሬዋን አልበላኋትም።»

«እንዴት?»

«ያን ዕለት አልዋጥ አለኝ። ማምሻውን በኮባ ጠቅልዬ ደጃፍህ ላይ አስቀመጥኩልህ። ጠዋት ስወጣ ኮባው ተቀዳዶ ደረጃው ላይ ተጥሏል። ንቀኸኝ የወረወርካት መሰለኝ። እኔን ያስኮረፈኝ እሱ ነው እንጂ የተናገርከውስ ያልፍ ነበር።»

«እኔ?» አለ ማክቤል። ጉርሻው ጉንጩ ውስጥ ነው። «እኔ ደጃፌ ላይ ምንም አላየሁም! አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አላንኳኳም ብዬ እኮ ነው እኔ...»

ሁለቱም ተያዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ አንድ ላይ፣ ወደ ማክቤል ወንበር ዞሩ። ዱባው የነበረበት ቦታ ላይ ሻምበል ተጠቅልሎ ተኝቷል። አንድ ዓይኑን ገለጠ፤ አያቸው፤ መልሶ ጨፈነ።

ከዚያ የሆነውን የብሎኩ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ሶሊያና ባሏ የታመመ መስሏት ከነማማሰያዋ ሮጣ ወጣች። ሁለቱ ሽማግሌዎች የበረንዳውን ብረት ይዘው፣ ጎንበስ ቀና እያሉ፣ አንዱ «ዘጠኝ ዓመት!» ሲል ሌላው «ሆዱ! ያኔ ሆዱን አላየኸውም?» እያለ፣ መተንፈስ አቅቷቸው ይስቃሉ። የልብስ ገመዱ ከነደረቀው ሐረግ ይንቀጠቀጣል።

የመስቀል ማግስት የማክቤል ልጅ መጣች፤ ዕቃው ወረደ። ማክቤል የድርሻውን የዱባ ፍሬ ኪሱ ውስጥ ከትቷል፤ አርባ ምንጭ ሊተክለው ነው። ሲሰናበቱ ኢዮስያስና ማክቤል ትከሻ ለትከሻ ተገጫጩ፤ ደገሙት፤ አልላቀቅ አሉ። ከዚያ ማክቤል ሻምበልን ከብብቱ አውጥቶ ኢዮስያስ እቅፍ ውስጥ ወተፈው።

«ሻኛህን የበላው እሱ ነው» አለ። «ከሱ ጋር ተፋረድ። ገመዱን ደግሞ እንዳትቆርጠው።»

ኢዮስያስ ድመቱን ታቅፎ ወደ ቤት ገባ። ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ ማጀት ደጃፍ ላይ ሲደርስ ያች ጨዋ ድምፅ ተሰማች።

«ጋሼ፣ ይህ እኛ ቤት የበቀለ አይደለም።»

«አትፍሪ» አለ ኢዮስያስ። «አናበስለውም።»

ደረጃው ላይ ሻንጣውን ይዞ የቆመው ማክቤል ይህን ሰምቶ ሲንከተከት፣ ሳቁ እስከ ምድር ቤት ድረስ አብሮት ወረደ።